ስኳር ሕመምና አሚኖ አሲድ፦ ብዙ ሰው የሚሠራቸው ስህተቶች

ስኳር ሕመም የሚለው ስም ሰውን ያሳስታል። ታማሚው ቀኑን ሙሉ የሚያስበው ስለ ጣፋጭና ስለ ዳቦ ነው፤ ፕሮቲንን ግን ከነገሩ እንደሌለበት ይቆጥረዋል። ሆኖም ኢንሱሊን ራሱ ፕሮቲን ነው። 51 አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን ሁሉ የሚገነባባቸው ትንንሽ ሞለኪውሎች) በሁለት ሰንሰለት፣ በአንዱ 21 በሌላው 30 ሆነው፣ ተደርድረው የሠሩት ነው። ስኳርን ከፍ የሚያደርገው ግሉካጎንም 29 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሰንሰለት ነው። በየጥቂት ወሩ የምንለካው ኤዋንሲ (HbA1c፣ የወራት አማካይ ስኳርን የሚያሳይ የደም ምርመራ) የሚነግረን አንድ አሚኖ አሲድ ላይ ስለተጣበቀ ስኳር ነው። ሳንበላ ስንውል ጉበት ስኳር ከሚሠራባቸው ነገሮች መካከልም አሚኖ አሲዶች አሉ።

ስኳር ካለባቸው ሰዎች ጋር ስነጋገር ደጋግመው የሚያጋጥሙኝ ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው። ፕሮቲን ለአንዱ ምንም የማያደርግ ምግብ ነው፤ ለሌላው መርዝ ነው፤ ለሦስተኛው ደግሞ በዱቄት መልክ ሲሸጥ ፈውስ ይመስለዋል። ከባዶቹን አንድ በአንድ ልያቸው።

«ሥጋና እንቁላል ስኳር አይጨምርም»

አንድ ሰው ዳቦ ሳይነካ ብዙ ሥጋ ይበላል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለካል፤ ቁጥሩ ደህና ነው፤ ደስ ብሎት ይተኛል። ጠዋት ሲነሣ ስኳሩ ጣራ ነክቷል። ከዚያ መለኪያውን ይጠራጠራል፤ ወይም ማታ የቀመሰው ፍራፍሬ ላይ ያላክካል።

የሆነው ይህ ነው። ፕሮቲን አንጀት ውስጥ ወደ አሚኖ አሲዶች ይፈርሳል። ደም ውስጥ የገቡት አሚኖ አሲዶች ቆሽትን በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያስወጡታል፦ ኢንሱሊንና ግሉካጎን። ጤነኛ ሰው ላይ ሁለቱ ይመጣጠናሉና ስኳሩ ብዙም አይነቃነቅም። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ግን ኢንሱሊኑ የለውም፤ ግሉካጎኑ ተቆጣጣሪ አጥቶ ብቻውን ይቀራል። ጉበትም በግሉካጎን ትእዛዝ እንደ አላኒን ያሉትን አሚኖ አሲዶች ወደ ግሉኮስ ይለውጣቸዋል። ይህ ሥራ ጊዜ ስለሚፈልግ የስኳሩ መውጣት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ዘግይቶ ይታያል፤ ምግቡ ቅባት ከበዛበት ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ሁሉም አሚኖ አሲድ ግን ስኳር አይሆንም፤ ሉሲንና ላይሲን ወደ ግሉኮስ የሚሄድ መንገድ የላቸውም።

ዓይነት 2 ያለበት ሰው ቆሽቱ ገና ኢንሱሊን ስለሚሠራ፣ መጠነኛ ፕሮቲን ስኳሩን ያን ያህል አያወጣውም። እንዲያውም ከዳቦው ወይም ከሩዙ በፊት ፕሮቲንና አትክልት ማስቀደም ከምግብ በኋላ የሚመጣውን የስኳር ከፍታ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ የአንዱ ልምድ ለሌላው ምክር አይሆንም።

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከበድ ያለ የፕሮቲን ምግብ በበላበት ቀን ከምግቡ በኋላ በአራተኛውና በአምስተኛው ሰዓት ገደማ ደግሞ ቢለካ ጥሩ ነው። የበላውንና የለካውን ጽፎ ለሐኪሙ ያሳይ። በራስ ግምት መጠን መጨመር ግን አደገኛ ነው፤ ፈጣን ኢንሱሊን ፕሮቲኑ ወደ ስኳር ከመለወጡ ቀድሞ ይደርስና ስኳርን ያወርዳል፤ ስኳሩ ሲመጣ ደግሞ ኢንሱሊኑ አልቋል።

ስኳር የወረደበትን ሰው እንቁላል ማብላት

ይህ የርኅራኄ ስህተት ነው፤ ለዚህም ነው ለማረም የሚከብደው። ሰውየውን ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቃላት ይጠፉበታል። ቤተሰብ ይደነግጥና «አቅም የሚሰጥ ነገር ይብላ» ብሎ እንቁላል፣ አይብ ወይም ለውዝ ያቀርባል። በዚያች ደቂቃ እነዚህ አይረዱትም። ፕሮቲን ወደ ስኳር የሚለወጠው ቀስ እያለ ነው፤ አንጎል ደግሞ አሁኑኑ ግሉኮስ ይፈልጋል። ይባስ ብሎ ዓይነት 2 ባለበት ሰው ፕሮቲን ስኳሩን ከፍ ሳያደርግ ተጨማሪ ኢንሱሊን ሊያስወጣ ይችላል።

ልኬቱ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ የሚያስፈልገው 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ነው፦ በውኃ የተበጠበጠ ስኳር ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ፤ ካልወጣ ይደገም። ቸኮሌት ቅባቱ ስለሚያዘገየው ለዚህ አይሆንም። እንቁላሉ ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላ ይደርሳል።

ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥ፤ ሊያንቀው ይችላል። የሚያድነው የግሉካጎን መርፌ ወይም በአፍንጫ የሚነፋው ግሉካጎን ነው። እሱ ከሌለ ጊዜ ሳይጠፋ ወደ ሕክምና ቦታ ይወሰድ።

ለኩላሊት ተብሎ ፕሮቲንን እርግፍ አድርጎ መተው

ስኳር ኩላሊትን እንደሚጎዳ ሁሉም ሰምቷል። ከዚያ ተነሥቶ ኩላሊቱ ደህና የሆነ ሰው ጭምር እንቁላሉንም ባቄላውንም ያቆማል። ክብደቱ ሲቀንስ «ተሻለኝ» ይላል፤ የቀነሰው ግን ስብ ብቻ ላይሆን ይችላል። ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባውን ግሉኮስ በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ነውና ጡንቻውን ያጣ ሰው ስኳሩን የሚያስቀምጥበት ቦታ ጠበበ ማለት ነው። በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ይህ ያሳዝነኛል፤ ከወንበር ለመነሣት የሚያቅታቸው አንዳንዶች ያቃታቸው በስኳሩ ሳይሆን በምግብ ገደቡ ነው።

ኩላሊቱ የተጎዳና ዳያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ያልጀመረ ስኳር ሕመምተኛ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ያህል ፕሮቲን ይመከርለታል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚህ ስሌት 56 ግራም ያገኛል። እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ይገባል፦ 56 ግራም ፕሮቲን ማለት 56 ግራም ሥጋ ማለት አይደለም። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይዟል፤ 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ከ25 እስከ 30 ግራም ገደማ ይይዛል። የቀረው ውኃና ስብ ነው። ስለዚህ ገደብ የተባለው ብዙ ሰው ከሚፈራው በጣም የሰፋ ነው። ዳያሊሲስ የጀመረ ሰው ደግሞ እጥበቱ አሚኖ አሲዶችንም አብሮ ስለሚወስድበት ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። የቀድሞውን ገደብ ይዞ ዳያሊሲስ ላይ የቀጠለ ሰው ራሱን እያስራበ ነው።

የጥናት ዜና ሰምቶ ሉሲንን መፍራት፣ ማስታወቂያ አይቶ ሉሲንን መግዛት

ሉሲን፣ አይሶሉሲንና ቫሊን የሚባሉ ሦስት አሚኖ አሲዶች አሉ፤ ቅርንጫፍ ያላቸው ይባላሉ። ከመጠን በላይ በወፈሩ ሰዎች ደም ውስጥ መጠናቸው ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ገና እ.ኤ.አ. በ1969 ተዘግቦ ነበር። በ2011 የወጣ ጥናት ደግሞ ስኳራቸው ጤነኛ የሆነ 2,422 ሰዎችን 12 ዓመት ተከታትሎ፣ እነዚህ ሦስቱ ከታይሮሲንና ከፌኒልአላኒን ጋር ከፍ ያሉባቸው ሰዎች በኋላ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው የበለጠ እንደሆነ አሳየ። ግኝቱ ትልቅ ነበር። በሽታው ከመታየቱ ዓመታት በፊት ደም ውስጥ ምልክት ይተዋል ማለት ነውና።

ከዚህ ግን «ሉሲን ያለበትን ምግብ የበላ ስኳር ይይዘዋል» የሚል ወሬ ተወለደ። ጥናቱ የለካው ደም ነው እንጂ ሰሃን አይደለም። ሰውነት ለኢንሱሊን መታዘዝ ሲያቅተው የስብ ሕብረ ሕዋስና ጉበት እነዚህን አሚኖ አሲዶች በሚገባ አያቃጥሏቸውም፤ ስለዚህ ደም ውስጥ ይከማቻሉ። የተከማቸው ደግሞ በተራው ሴሎች የኢንሱሊንን መልእክት እንዳይሰሙ ሊያግዝ ይችላል። ምን ያህሉ ምክንያት፣ ምን ያህሉ ውጤት ነው የሚለው ላይ ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከራሉ። ውፍረት ሲቀንስ፣ በተለይም ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ መጠናቸው በግልጽ ይወርዳል። ሥራው ያለው እዚያ ነው፤ ባቄላን ከማዕድ በማንሣት አይደለም።

በሌላ በኩል እነዚሁ ሦስቱ በዱቄት ተሞልተው ለስፖርተኛ ይሸጣሉ፤ አንዳንድ ሻጭ «ለስኳርም ጥሩ ነው» ይላል። ሉሲን ቆሽትን ኢንሱሊን እንደሚያስወጣ እውነት ነው፤ ወሬው የተያዘው በዚህ ነው። ነገር ግን ፕሮቲን ከምግብ የሚያገኝ ሰው ሦስቱን ብቻቸውን ለይቶ መጨመሩ ስኳሩን እንደሚያክምለት የሚያረጋግጥ ነገር የለም። ዱቄቱ ውስጥ የተጨመረ ጣፋጭ መኖሩንም ሳያነብ የሚወስደው ብዙ ነው።

አርጊኒንም እንዲሁ ነው። ሰውነት የደም ሥር የሚያሰፋ ጋዝ የሚሠራው ከአርጊኒን ስለሆነ «ለልብና ለስኳር» ተብሎ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሞ በወጣ ሙከራ፣ ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ደርሶባቸው ከዳኑ 153 ሰዎች ግማሽ ያህሉ ከተለመደው ሕክምና ጋር አርጊኒን ተጨመረላቸው። ከነሱ 6 ሰዎች ሞቱ፤ አርጊኒን ካልወሰዱት አንድም አልሞተም፤ ሙከራው ተቋረጠ። ልብ የስኳር ሕመምተኛ ትልቁ ሥጋት ስለሆነ ይህን ሳያውቅ ጠርሙሱን የሚገዛ ሰው ባየሁ ቁጥር እጨነቃለሁ። ማሟያ የሚወስድ ሰው ቢያንስ ለሐኪሙ ይንገር፤ አርጊኒን ከደም ግፊት መድኃኒት ጋር ተደምሮ ግፊትን ሊያወርድ ይችላል።

ከአሚኖ አሲድ የተሠራ መድኃኒትን ከአሚኖ አሲዱ ጋር ማምታታት

ናቴግሊናይድ የሚባለው የስኳር ክኒን ከፌኒልአላኒን የተገኘ ነው፤ ከምግብ በፊት ይዋጥና ቆሽትን ለአጭር ጊዜ ኢንሱሊን ያስወጣዋል። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ፌኒልአላኒን ልውሰድ» ይላል። አይሆንም። ኬሚስቶች ሞለኪውሉን ለውጠውታል፤ ሥራውን የሚሠራው ለውጡ ነው።

በሳምንት አንዴ የሚወጋው የስኳር መድኃኒት ሴማግሉታይድ ይህን የበለጠ ያሳያል። አንጀታችን ከምግብ በኋላ ጂ ኤል ፒ-1 የሚባል፣ ቆሽትን ኢንሱሊን የሚያስወጣ፣ 30 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሆርሞን ያመነጫል። ዲ ፒ ፒ-4 የሚባል ኢንዛይም ግን ከጫፉ ሁለቱን አሚኖ አሲዶች ቆርጦ በደቂቃዎች ውስጥ ከሥራ ውጪ ያደርገዋል። ሴማግሉታይድ ላይ ኢንዛይሙ የሚቆርጥበት ቦታ ያለችው አንዲት አሚኖ አሲድ ተለውጣለች፤ በተጨማሪም የስብ ጭራ ተቀጥሎለት ደም ውስጥ ካለው አልቡሚን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተያይዞ ይቆያል። የሁለት ደቂቃው ሆርሞን የሳምንት መድኃኒት ሆነ። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ይህን መርፌ እየወጉ እንደ ሲታግሊፕቲን ያለውን ክኒን መቀጠል ነው። ክኒኑ የሚሠራው ያንኑ ኢንዛይም በመያዝ ነው፤ ኢንዛይሙ መርፌውን መቁረጥ ካልቻለ ክኒኑ የሚጨምረው ጥቅም እዚህ ግባ አይባልም። ሁለቱም በማዘዣችሁ ላይ ካሉ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ኢንሱሊንን እንደ ተራ ፈሳሽ መያዝ

ኢንሱሊን ለምን እንደማይዋጥ የሚጠይቁ አሉ፤ ጥያቄው ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰጠ ጀምሮ መርፌ ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ቢዋጥ ጨጓራና አንጀት እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጩታል፤ ደም ውስጥ የሚደርሰው የተበታተነ አሚኖ አሲድ ይሆናል።

እንቁላል ሲሞቅ ነጩ ይረጋል፤ ቢቀዘቅዝም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ኢንሱሊንም ፕሮቲን ነውና ሙቀት ቅርጹን ያበላሽበታል፤ የሚለየው ብልሽቱ በዓይን ላይታይ መቻሉ ነው። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጥ። የተከፈተው እንደየዓይነቱ ብዙውን ጊዜ 28 ቀን ያህል ከ30 ዲግሪ በታች ይቆያል፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይበልጣል። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣል። ከማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ጋር አስጠግቶ ማስቀመጥ፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው፣ በኃይል መነቅነቅ፣ ሁሉም ያበላሹታል። ደመናማው ኢንሱሊን በመዳፍ መካከል ቀስ ብሎ ይንከባለል እንጂ አይናጥ።

ስኳሩ ያለምክንያት አልወርድ ያለው ሰው መጠን ከመጨመሩ በፊት ብልቃጡን ይጠርጥር። አዲስ ብልቃጥ ሲከፍት ያው የቀድሞው መጠን በድንገት ሊበረታበት እንደሚችልም ይወቅ።

«ኢንሱሊን ያው ኢንሱሊን ነው»

የአሳማ ኢንሱሊን ከሰው የሚለየው በአንድ አሚኖ አሲድ ነው፤ የከብቱ በሦስት። በዚህ ቅርበት ምክንያት ለአሥርት ዓመታት ሰዎችን በሕይወት አቆይተዋል። ይህ ግን ትንሽ ልዩነት ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም። ልዩነቷ የት ላይ ናት የሚለው ነው ዋናው።

ተራው የሰው ኢንሱሊን ብልቃጥ ውስጥ ስድስት ስድስት ሆኖ ተያይዞ ይቀመጣል። ከቆዳ ሥር ሲገባ እስኪለያይ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ከምግብ 30 ደቂቃ ያህል በፊት ይወጋል። ሊስፕሮ በሚባለው ፈጣን ኢንሱሊን ላይ በትልቁ ሰንሰለት 28ኛና 29ኛ ቦታ ያሉት ፕሮሊንና ላይሲን ቦታ ተለዋውጠዋል። ሌላ ምንም አልተነካም። በዚህ ብቻ ሞለኪውሎቹ መያያዙን ይተዉና ቶሎ ወደ ደም ይገባሉ፤ ሊበላ ሲል ይወጋል። ከተራው ወደ ሊስፕሮ የተዛወረ ሰው በቀድሞ ልማዱ ወግቶ ግማሽ ሰዓት ምግብ ከጠበቀ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል።

የረጅም ሰዓቱ ኢንሱሊን ግላርጂን ደግሞ በተቃራኒው ነው። አንድ አስፓራጂን በግላይሲን ተተክቶ፣ ሁለት አርጊኒኖች ተጨምረውበት፣ አሲድነት ባለው ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣል። ከቆዳ ሥር አሲዱ ሲረግብ ጥቃቅን ፍርፋሪ ይሠራና ቀን ሙሉ ቀስ እያለ ይለቀቃል። ስለዚህ በአንድ መርፌ ውስጥ ከሌላ ኢንሱሊን ጋር መቀላቀል የተከለከለ ነው። ሌላው አደጋው መልኩ ነው፤ እንደ ፈጣኑ ኢንሱሊን ጥርት ያለ ነው። «ደመናማው የማታ፣ ጥርት ያለው የምግብ» ብሎ የለመደ ሰው ግላርጂን ሲጀምር ሁለት ጥርት ያሉ ብልቃጦች ይዞ ይቀራል። የማታውን ብዙ መጠን በስህተት ከፈጣኑ የሳበ ሰው ሌሊቱን ሊሞት ይችላል። ሁለቱን በተለያየ ቦታ አስቀምጡ፣ ምልክት ለጥፉባቸው፣ ስማቸውን ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ ውጉ።

ኤዋንሲን ሳይጠይቁ ማመን

ኤዋንሲ የሚለካው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ባለው ሂሞግሎቢን በሚባል ፕሮቲን ጫፍ ላይ ባለችው ቫሊን ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ስለሚኖር ቁጥሩ የሁለት ሦስት ወር አማካይ ይሰጣል። ሴሎቹ ቶሎ ቶሎ የሚፈርሱበት ወይም በቅርቡ ደም የተሰጠው ሰው ላይ ግን ቁጥሩ ከእውነቱ ዝቅ ሊል ይችላል፤ በብረት እጥረት ደም ያነሰው ላይ ከፍ ሊል ይችላል። የጣት ልኬታችሁና ኤዋንሲው የማይገናኙ ከሆነ አንዱ ዋሽቷል ብላችሁ አትተዉት፤ የደም ምርመራ ጠይቁ።

ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን ለዓመታት የወሰደ ሰው እግሩን ሲደነዝዘው ሁሉን በስኳር ማሳበብም ስህተት ነው። መድኃኒቱ ቫይታሚን ቢ12 ሊያሳንስ ይችላል፤ ቢ12 ሲያንስ ሆሞሲስቲን የሚባል አሚኖ አሲድ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ነርቭም ይጎዳል። ቢ12ን ማስለካት ቀላል ነው፤ እጥረቱም ይታከማል።

«አልበላሁም፣ ስለዚህ አልወጋም»

ለመጨረሻ ያቆየሁት ሰው የሚገድለውን ነው። ዓይነት 1 ያለበት ሰው ይታመማል፣ ያስመልሰዋል፣ ምግብ አይወርድለትም። «ስኳር ያለበት ነገር አልቀመስኩ፤ ኢንሱሊን ለምን?» ብሎ መርፌውን ይተዋል።

ኢንሱሊን ግን ሥራው የበላነውን ስኳር ማስገባት ብቻ አይደለም። ጡንቻ እንዳይፈርስ ስብም እንዳይቀልጥ የያዘው እሱ ነው። ሲጠፋ ጡንቻ ፕሮቲኑን አፍርሶ አሚኖ አሲዶቹን ወደ ደም ይለቃል፤ ጉበት ከነሱ ስኳር ይሠራል፤ ከስቡ ደግሞ ኪቶን የሚባል አሲድ ይወጣል፤ ደሙ አሲድ ይሆናል። ሰውየው ምንም ሳይበላ ስኳሩ 400 ሊገባ ይችላል፤ የተበላው የራሱ አካል ነው። በ2ኛው መቶ ዘመን የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ ሥጋና እጅ እግር ቀልጦ ወደ ሽንት የሚሄድበት በሽታ ብሎ የገለጸው ይህንኑ ነው። ኢንሱሊን በሌለበት ዘመን ያየውን ነበር የጻፈው።

ስለዚህ በሕመም ቀን የረጅም ሰዓቱ ኢንሱሊን አይቋረጥ፤ ለምግብ የሚወጋው ኢንሱሊን መጠን ምን ያህል እንደሚቀነስ አስቀድሞ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ወረቀት ላይ ማስፈር ይገባል። በየሁለት እስከ አራት ሰዓት ስኳር ይለካ፣ ኪቶንም በሽንት ወይም በደም ይታይ፣ ውኃ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። ማስመለሱ ካላቆመ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ አፉ የበሰበሰ ፍራፍሬ የሚመስል ሽታ ካመጣ፣ ወይም ኪቶኑ እየጨመረ ከሄደ ነገ ብሎ ማሳደር የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይግባ።